ለካርካኖ የሚገጥም ርካሽ አረር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጠመንጃ ዙሪያ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የወረረን የፋሺስት ጦር ታጥቆት የመጣው፣ አርበኞቻችንም እየማረኩ መልሰው የተዋጉበት የጣልያኑ ካርካኖ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገር ቤት መጋዘን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ከነበረው ብዙው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወደ አሜሪካ ተጭኖ ተሽጧል። ከገዙትም መካከል ለታሪኩ ሲሉ የገዙ ወገኖች አሉ።

ከመጀመራችን በፊት ቃላቱን እንለይ። አረር የምንለው ከአፈሙዝ ወጥቶ ዒላማ የሚመታውን ክፍል ብቻ ነው። ቀለህ የናሱ ዕቃ ነው። ጥይት ደግሞ አረር፣ ቀለህ፣ ባሩድና ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው፣ ቀለሁ ግርጌ ላይ የሚገጠመው ትንሽ ክፍል) አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ ለመሙላት ስንት ግሬን (የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው) ባሩድ ይጨመር ለሚለው እዚህ ቁጥር አንሰጥም። እሱ ከአረሩና ከባሩዱ ዓይነት ጋር ስለሚለዋወጥ የሚወሰደው አምራቾቹ ካሳተሙት የመሙያ መመሪያ ብቻ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ግዴታ ነው። የክፍለ ግዛትዎን ሕግ ለብቻው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሞዴል 91 ረጅሙን ካርካኖ ገዝቻለሁ። የፋብሪካ ጥይት ስለሚወደድብኝ ቀለሁን እያጠራቀምኩ ለመሙላት አስቤ ፕሬስና ዳይ (መጫኛውንና ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰውን ቅርጽ ማውጫ) ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የማገኘው 6.5 ሚሊ ሜትር አረር ሁሉ 0.264 ኢንች ነው። የሚያውቁ ሰዎች ግን ለዚህ ጠመንጃ 0.268 ነው የሚሆነው ይሉኛል፣ እሱ ደግሞ ገበያ ላይ የለም። ልዩነቱ እውነት ያን ያህል ነው? *(ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ)*

መልስ፦ ልዩነቱ በሚሊ ሜትር 0.1 ነው፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ለካርካኖ ግን ይህች ወረቀት ትልቅ ነገር ናት።

6.5 ሚሊ ሜትር የሚለው ስያሜ በአፈሙዙ ውስጥ ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው ስፋት ነው። አረሩን የሚይዘው ግን በጉብታዎቹ መካከል የተቦረቦረው ቦይ ሲሆን፣ ከቦይ እስከ ቦይ ሲለካ በካርካኖ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች አብዛኞቹ 6.7 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ለእነሱ የተሠራው የ0.264 አረር በካርካኖ ቦይ ውስጥ ሲሄድ ዙሪያውን ክፍተት ይተዋል፣ ጋዙም በጎኑ ያልፋል። አረሩ ቦዩን በደንብ ስለማይነክስ ሽክርክሪቱ ይጎድለዋል፣ ዒላማውም ላይ ይበተናል። ጠመንጃውን አያፈነዳም። ገንዘብዎን ግን ይበላል፣ ምክንያቱም ምንም ያህል ቢያስተካክሉ የማይሰበሰብ ጥይት እየሞሉ ነው።

ይህ በደንብ ለተጠበቀ አፈሙዝ ነው። የእርስዎ ዓይነቱ ረጅም ዘመን ያገለገለ፣ ዝገትም የነካው ጠመንጃ ከዚያም ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ አንድም አረር ከመግዛትዎ በፊት አፈሙዙን ይለኩ። ወጪው ከሁለት ዶላር አይበልጥም።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተው መዝጊያውን ያውጡ። ውስጡን እስኪጠራ ጠርገው በቀጭን ዘይት ያርጥቡት። ለስላሳ ንጹሕ እርሳስ ያስፈልግዎታል። የዓሣ ማጥመጃ ክብደት ሆኖ የሚሸጠው ከአፈሙዙ ትንሽ የሚወፍረው ይሆናል፣ ግን ብዙ ቦታ አሁን የሚሸጠው ከእርሳስ የተሠራ ስላልሆነ በጥፍርዎ ጫን ብለው ምልክት መቀበሉን ይፈትሹ። እርሳሱን ጫፉ ላይ አስቀምጠው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያሉ ያስገቡት። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ቅራፊ ከላጠ ሞልቶታል ማለት ነው። ከዚያ በናስ ዘንግ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገፍተው፣ ከኋላ በኩል ረጅም ዘንግ አስገብተው መልሰው ወደ ፊት ያውጡት። በሌላ እርሳስ ደግሞ ከኋላ፣ ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚገባበት ጎድጓዳ ክፍል) ፊት ያለውን እንዲሁ ይለኩ። ሁለቱ ቦታዎች ሊለያዩ ይችላሉ፣ በተለይ ባለፈው ባለቤት እጅ ከጫፍ በብረት ዘንግ ሲጠረግ በኖረ ጠመንጃ ላይ።

የካርካኖ ቦዮች አራት ስለሆኑ እርሳሱ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ከፍታዎች ማይክሮሜትር በቀጥታ ይይዛቸዋል። ካሊፐር ለዚህ ሥራ አይታመንም። እርሳሱን ጠበቅ ካደረጉት ራሱ ይቆርጠዋልና ሦስት አራት ጊዜ ለክተው ትልቁን ይያዙ።

ቁጥሩ 0.266 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ከባድ፣ ባለ 156 ወይም 160 ግሬን፣ ድቡልቡል አፍንጫና ጠፍጣፋ ግርጌ ያለውን የ0.264 አረር ይሞክሩ። ረጅም ጎኑ አፈሙዙን የሚይዝበት ቦታ ይሰጠዋል፣ ጠፍጣፋ ግርጌውም በጋዙ ግፊት ትንሽ ይሰፋል። ግርጌው እንደ ጀልባ የሾጠጠውንና ቀላሉን የሩቅ ዒላማ አረር በዋጋው ርካሽነት አይግዙ፣ በዚህ አፈሙዝ ውስጥ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። 0.267 እና 0.268 ከመጣ የ0.268 ጃኬት (እርሳሱን የሚሸፍን የመዳብ ቅይጥ ልባስ) ያለው አረር ወይም በ0.269 የተቀረጸ የእርሳስ አረር ያስፈልግዎታል። 0.269 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጃኬት ያለውን ይተዉት። መፍትሔው እርሳስ ነው።

ጥያቄ፦ የ0.268 አረር ከወዴት ይገኛል? ሁልጊዜ አልቋል የሚል መልስ ብቻ ነው የማገኘው። *(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)*

መልስ፦ ለዚህ ጠመንጃ ተብሎ ባለ 160 ግሬን ድቡልቡል አፍንጫ የ0.268 አረር ያመረተው ሆርናዲ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፈላጊው ጥቂት የሆነ አረር ዓመቱን ሙሉ አይመረትም። በአንድ ዙር ይወጣል፣ ይሸጣል፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ በሦስት አራት የመስመር ላይ መደብሮች "ሲገባ አሳውቁኝ" የሚለውን ይመዝገቡ፣ ሲገባም ለሁለት ዓመት የሚሆንዎን ይግዙ። አረር አይበላሽም። ብዙ በአንድ ጊዜ ሲገዙ የመላኪያውም ዋጋ ይከፋፈላል፣ ሁሉም ከአንድ ምርት ስለሆነ ደግሞ የባሩድ ልኬትዎን ደጋግመው መሥራት አይኖርብዎትም። በርካሽ ከተፈለገ፣ ያረጀ ጠመንጃ የሸጡ ሰዎች የተረፋቸውን የመሙያ ዕቃ በአንድ ሳጥን የሚሸጡበት የጠመንጃ ትርዒት ጥሩ ቦታ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አረሩን በማይክሮሜትር አይተው ይክፈሉ።

ሁለተኛው መንገድ ከድሮ ወታደራዊ ጥይት የተነቀለ አረር ነው። ዋናው የጣልያን አረር 162 ግሬን፣ ማለትም 10.5 ግራም ገደማ የሚመዝን ረጅምና ድቡልቡል ስለሆነ ለአፈሙዙ ልኩ ነው። ሲገዙ ግን አሥሩን መዝኑ። ከ2 ግሬን በላይ የሚለያዩ ከሆነ ለልምምድ እንጂ ለዒላማ አይሆኑም። አረንጓዴ ዝገት ጃኬቱን ከበላው ይጣል። እርስዎ ራስዎ የሚነቅሉ ከሆነ የወጣውን አሮጌ ባሩድ ምንም ያህል ጤነኛ ቢመስል መልሰው አይጠቀሙበት፣ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግርዎ ማንም የለም።

ሦስተኛው፣ በእኛ ግምት ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው፣ ከትናንሽ የእርሳስ አረር አቅላጮች በልክ ማዘዝ ነው። ብዙዎቹ ሲያዝዙ ዲያሜትሩን ይጠይቁዎታል፤ አፈሙዝዎን ለክተው ካገኙት አንድ ሺህኛ ኢንች ጨምረው ይንገሯቸው። ከግርጌው የመዳብ ኮፍያ፣ እነሱ ጋዝ ቼክ የሚሉት፣ እንዲገጠምለት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ራሴ እርሳስ አቅልጬ ብሠራስ? ጎሚስታ ቤት የምሠራ ስለሆነ የጎማ ባላንስ እርሳስ በነጻ አገኛለሁ። *(ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)*

መልስ፦ እንግዲያውስ ከዚህ የሚረክስ መንገድ የለም። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፣ ስለዚህ ለ160 ግሬን አረር ከአንድ ፓውንድ 43 ይወጣል። ለመቶ አረር ከ2.3 ፓውንድ የማይበልጥ እርሳስ ይበቃል። የሚገዙት የመዳቡን ኮፍያና ቅባቱን ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ ባላንሱን ይልቀሙት። አሁን ብዙው እርሳስ አይደለም። የብረቱ Fe፣ የዚንኩ Zn የሚል ፊደል አለው። ያልተጻፈበትን በመቁረጫ ጫን ይበሉት፣ እርሳስ ከሆነ መቁረጫው ይሰምጣል፣ ዚንክ ከሆነ ይንሸራተታል። አንድ ሁለት የዚንክ ፍሬ ሙሉ ድስት እርሳስ ያበላሻል፤ ቅላጩ እንደ ገንፎ ይሆንና ፎርማውን አይሞላም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ዚንክ በ419 ስለሚቀልጥ፣ ድስቱን ከ400 በታች ከያዙ ያመለጠዎት ዚንክ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በማንኪያ ያወጡታል። ይህን የመጀመሪያ ማጥራት ውጭ ሜዳ ላይ ይሥሩት፣ ባላንሱ ቅባትና ሙጫ ስላለበት ይጨሳል።

ውሃ ከቅላጩ ይራቅ። አንድ ጠብታ እርሳሱ ሥር ከገባች በቅጽበት እንፋሎት ሆና ድስቱን ሙሉ ወደ ፊት ትረጨዋለች። እርጥብ ባላንስ፣ የላብ ጠብታ፣ በረዶ የነካው ማንኪያ፣ ሁሉም ያው ነው። የፊት መከለያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ረጅም ሱሪና ድፍን ጫማ ያድርጉ። እርሳስ ልጆችን ከአዋቂ በባሰ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ልጅ አይግባ፣ ልብሱ ለብቻው ይታጠብ፣ እጅ ሳይታጠብ እህል አይቀመስ። ድስቱም ማንኪያውም ወደ ማዕድ ቤት አይመለሱ።

ፎርማውን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው የ6.5 ፎርማ ለ0.264 ጠመንጃ የተቀረጸ ስለሆነ 0.266 ያህል ብቻ ይጥላል። ለካርካኖ 0.269 ወይም 0.270 የሚጥል ያስፈልግዎታል። ኤን ኦ ኢ እና አኩሬት የተባሉት ፎርማ ሠሪዎች ሰፋ ያሉትን ይሠራሉ። ጠባብ ፎርማ ካለዎት ደግሞ ቀላል ብልሃት አለ። ለሙቀት የሚችል የአሉሚኒየም ተለጣፊ ቴፕ ቀጭን ቁራጭ በፎርማው አንድ ፊት፣ ከጉድጓዱ ጎንና ጎን ይለጥፉ፣ ጉድጓዱን ግን አይንካ። ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ቴፑ ትንሽ ስለሚያራርቃቸው አረሩ 2 ሺህኛ ኢንች ገደማ ይወፍራል። መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን ክንፍ ይወጣል፣ በመጠን ማስተካከያው ዳይ ሲያሳልፉት ይጠፋል።

እርሳሱ ላይ 2 በመቶ ያህል ቲን ይጨምሩ፣ ከእርሳስ ነጻ የሆነው የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ሽቦ አብዛኛው ቲን ነው። ቲኑ ቅላጩ የፎርማውን ጥግ እንዲሞላ ያደርገዋል። ከዚያ አረሩን በመስኮት ብርሃን ያገላብጡት። ፊቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ከተሸበሸበ ፎርማው ቀዝቅዟል ወይም ዘይት አለበት። አመዳይ የወረደበት ከመሰለ ፎርማው ግሏል፣ ለመተኮስ ግን አይከለክልም። ከሁሉ በላይ የግርጌውን ጠርዝ ይዩ። በጥፍር ሲነኩት ሹል መሆን አለበት። በአንድ በኩል እንኳ ድቡልቡል ካለ አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። አፍንጫው ላይ ያለ ጉድለት ይህን ያህል አይጎዳም። ግርጌው የተበላሸውን ሳያዝኑ ወደ ድስቱ ይመልሱት።

ለእንዲህ ያለው አረር የሚስማማው ፍጥነት በሰከንድ ከ450 እስከ 550 ሜትር ነው፣ ከዋናው ወታደራዊ 700 ሜትር በጣም ዝቅ ያለ። የባሩዱን መጠን ከእርሳስ አረር መመሪያ ይውሰዱ። እዚህ አንድ አደጋ አለ። የተቀነሰው ባሩድ ቀለሁን ስለማይሞላ፣ በስህተት ሁለቴ ቢፈስ ሞልቶ አይፈስም፣ ጠመንጃውን ግን ይሰብራል። አረር ከመግጠምዎ በፊት ሁሉንም ቀለህ ደርድረው በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ውስጡን ይዩ።

ጥያቄ፦ የኔ አጭሩ ካርካኖ ወረቀቱ ላይ ክብ ሳይሆን የአረሩን ጎን የመሰለ ሞላላ ቀዳዳ ይተዋል። የምጠቀመው የ0.268 ከባዱን አረር ነው። ሞዴሉ 91/24 ነው ተብያለሁ። *(ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)*

መልስ፦ አረሩ በጎኑ እየተገለበጠ እየመታ ነው፣ ጥፋቱም የአረሩ አይመስልም። ረጅሙ ሞዴል 91 የተሠራው ሽክርክሪቱ እየጠነከረ በሚሄድ አፈሙዝ ነው። ከኋላ አረሩ አንድ ዙር ለመዞር ግማሽ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ረጅሙን ከባድ አረር የሚያረጋጋው ይህ መጨረሻ ላይ ያለው ፈጣን ዙር ነው። ጣልያኖች በ1920ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ረጃጅሞቹን ወደ 91/24 ሲለውጡ 78 ሴንቲ ሜትር የነበረውን አፈሙዝ ከፊት ቆርጠው ወደ 45 አወረዱት። የቆረጡት ደግሞ ያንኑ ፈጣኑን ክፍል ነው።

ስለዚህ በእርስዎ ጠመንጃ ዝግ ያለ ዙር የሚበቃው አጭርና ቀለል ያለ አረር ይሞክሩ፣ ከ120 እስከ 140 ግሬን የሆነ የእርሳስ አረር፣ በአፈሙዝዎ ልክ የወፈረ። ከዚያ በፊት ግን የአፈሙዙን ጫፍ ይመርምሩ። አንዳንዱ አርጅቶ ደወል መስሏል። ውስጡ በእርሳስ ከተለበጠም ያው ችግር ይመጣል። የመዳብ ማፅጃ ክር በብሩሽ ጠቅልለው ይፈግፍጉት፣ ክሩን ግን አስቀድመው በማግኔት ይፈትኑ። ማግኔቱ ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነውና አፈሙዙን ይቧጭራል።

ጥያቄ፦ የ0.268 አረር አገኘሁ፣ ስገጥመው ግን ጃኬቱ ይላጣል፣ አንዳንዱ ጥይትም መዝጊያውን አላስዘጋ ይለኛል። *(ከዳላስ፣ ቴክሳስ)*

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ዳይዎ ውስጥ ያለው የቀለህ አንገት ማስፊያ ለ0.264 አረር የተሠራ ነው፣ አንገቱ ስለሚጠብ ወፍራሙን አረር ይልጠዋል። ማስፊያውን 0.266 ገደማ በሆነ ይለውጡት። ለእርሳስ አረር ደግሞ የአንገቱን አፍ በጣም ጥቂት ወደ ውጭ ይክፈቱት።

ሁለተኛው አደገኛ ነው። በዚህ ጠመንጃ የተተኮሰ፣ ገና ያልተስተካከለ ቀለህ ይውሰዱና አረሩን በእጅዎ አንገቱ ውስጥ ይክተቱት። ያለ ግፊት ሸርተት ብሎ መግባት አለበት። ካልገባ፣ ጥይቱ ሲተኮስ አንገቱ አረሩን ለመልቀቅ የሚሰፋበት ቦታ የለውም፣ ግፊቱም ያሻቅባል። ያኔ ወይ የአንገቱን ናስ ማሳሳት ወይ ቀጠን ያለ አረር መጠቀም ነው። መዝጊያውን በኃይል አይዝጉ።

የቀለህ ርዝመት ከ52.5 ሚሊ ሜትር፣ የሙሉው ጥይት ከ76.5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ስድስቱን ጥይት የሚይዘው ክሊፕም ውስጥ መግባቱን ይሞክሩ። ካርካኖ ያለ ክሊፑ ካዝናው አይሠራም፣ ጥይቱን በእጅ ወደ ቻምበሩ እያስገቡ መዝጋትም ቀለህ ጎታቹን ሊሰብር ይችላል። አረር በለወጡ ቁጥር ደግሞ ባሩዱን ከመመሪያው ዝቅተኛ መነሻ ይጀምሩ፣ ክብደቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የኔ ካርካኖ 7.35 ነው ይለኛል። የ0.308 አረር በየቦታው ርካሽ ነው፣ ይሆናል? *(ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)*

መልስ፦ አይሆንም። ጣልያኖች በሞዴል 38 ያወጡት 7.35 ሚሊ ሜትር ቦዩ 0.300 ኢንች አካባቢ ነው፣ 0.308 ሲጨመቅበት ግፊቱ ይጨምራል። የ0.308 አረር በማጥበቢያ ዳይ ወደ 0.300 የሚያወርዱ አሉ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሦስት ደረጃ፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላም ይለካል። ጠመንጃው በእርግጥ 7.35 ከሆነ ከኋላው ማነጣጠሪያ አጠገብ "ካል 7,35" የሚል ማኅተም ይፈልጉ። ማኅተሙ ካልታየ አፈሙዙን በእርሳስ ይለኩ እንጂ በግምት ጥይት አይግዙ።

ጥያቄ፦ አያታችን ከአርበኝነት ዘመን ያቆዩት ካርካኖ ቤት ውስጥ አለ፣ ጥቂት ያረጁ ጥይቶችም አሉት። ቀለሁን መልሶ ማስሞላት ይቻላል? *(ከአዲስ አበባ)*

መልስ፦ እዚያ ይህን አይሞክሩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትን አይፈቅድም፣ ጠመንጃውም ራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ያረጁትን ጥይቶች ፈትቶ ማየትም ሆነ መተኮስ ይቅር፣ አጠገባችሁ ላለው ፖሊስ አሳውቁ። ጠመንጃውን ለማቆየት መዝጊያው ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ብረቱ በወር አንድ ጊዜ ዘይት በነካ ጨርቅ ይታበስ። ሰደፉ ላይ ስም ወይም ምልክት ተቀርጾ ከሆነ በአሸዋ ወረቀት አታስፍቁት።